«እርግጠኛ ነህ?» ከማለትህ በፊት ንገረኝ

ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ሁልጊዜ ኮዱ ከብዶት አይደለም። «ላውርድ?»፣ «ልሰርዝ?»፣ «አልተሳካም» እያሉ ብቅ የሚሉት ትንንሽ መስኮቶች ግራ አጋብተውት የተወ ብዙ ነው። ዛሬ ስለነሱ ልጻፍ።

እዚህ ሪያድ፣ ሹመይሲ፣ ያለን ሐበሾች ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ብዙዎቻችን ስንመጣ በማናነበው ዐረብኛ የተጻፈ ውል ላይ ፈርመናል። ተጠይቀናል፤ በምን እንደተስማማን ግን የነገረን የለም። «እርግጠኛ ነህ? እሺ ወይስ ይቅር?» የሚል መስኮትም እንደዚያው ነው። ነገር ሲበላሽ «እሺ ብለሃል» ለማለት ይመቻል እንጂ ፈቃድ መጠየቅ አይባልም።

ሰፈራችን ውስጥ ከሥራ መልስ፣ ዓርብ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮድ የሚማሩ ልጆች አሉ። ላፕቶፑ ከሐራጅ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ኢንተርኔቱ የስልክ ሆትስፖት ነው። አገር ቤት ያሉ ታናናሾቻቸው ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም የአንድሮይድ ትምህርት ይዘዋል። ሲቸግራቸው በቴሌግራም ስክሪንሾት ይልካሉ፦ «ይሄ ቀዩ ጽሑፍ ምን ማለት ነው?»

የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚሠራበትን አንድሮይድ ስቱዲዮን እንይ። መጫኛው ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው። ከዚያ አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ፣ ስትጨምር «አሁን አመሳስል» የሚል ቁልፍ ይመጣል። ስትነካው ግሬድል የሚባለው መሣሪያ ላይብረሪውን፣ ላይብረሪው የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች፣ እነሱ የሚፈልጓቸውንም ጭምር ያወርዳል። ስንት ሜጋባይት እንደሚፈጅ ቀድሞ አይነግርህም። የሚገርመው፣ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ኤስዲኬ ማኔጀር የሚባለው ክፍል ከማውረዱ በፊት የሚወርደውን መጠንና የሚይዘውን የዲስክ ቦታ ገምቶ ያሳያል። ስለዚህ መናገር አይቻልም ማለት አይደለም። መጠኑን ሳያውቁ ማውረድ ሪያድ ላለው መሰላቸት ነው፤ ወልድያ ሆኖ የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ ለሚማረው ግን የትምህርቱ ማብቂያ ሊሆን ይችላል።

ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ጄሴንተር ብዙ የአንድሮይድ ላይብረሪዎች የሚገኙበት ማከማቻ ነበር። ባለቤቱ ጄፍሮግ ጥር 2013 ዓ.ም. ላይ ሊዘጋው መሆኑን አስታወቀ። የድሮ የዩቲዩብ ትምህርቶች ግን ዛሬም እሱን ይጠራሉ። ተማሪው ቪዲዮውን ቃል በቃል ገልብጦ «አልተገኘም» ሊባል ይችላል። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ነው? ማከማቻው ተዘግቶ ነው? ቁጥሩ ተሳስቶ ነው? መልሱ ከረጅም ሪፖርት ሥር ተቀብሯል። ጥሩ መስኮት ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ፣ «ይህን ማከማቻ በማቨን ሴንትራል ተካ» ወይም «ኢንተርኔት ሲመለስ ካቆመበት ቀጥል» የሚል ቁልፍ ያቀርባል።

የመሰረዝ መስኮት መዘዝ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሰው የሦስት ወር ሥራውን ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ውስጥ ከፍቶ «ለውጦችን ተው» የሚለውን ነካ። መስኮቱ ሁሉንም ለውጥ ልትተው ነው፣ መመለሻም የለውም ብሎ አስጠንቅቆታል። ሰውየው የመሰለው ፕሮግራሙ ያደረገው ለውጥ እንደሚቀር ነው። 5,000 ያህል ፋይሎቹ ከዲስኩ ጠፉ፤ በሪሳይክል ቢን ውስጥም አልነበሩም። ብዙዎች ሳቁበት። የፕሮግራሙ አዘጋጆች ግን መልእክቱን አሻሻሉት፤ ፋይሉ እንደሚሰረዝና ለዘላለም እንደሚጠፋ በግልጽ እንዲናገር አደረጉት። «ተጠንቀቅ» ከሚል መቶ ቃል «እነዚህ ፋይሎች ይሰረዛሉ» የሚል አንድ መስመር ይሻላል።

ላይብረሪ ስንጨምርም ማን ተከትሎ እንደሚገባ ማየት አለብን። ማርች 22 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ኤንፒኤም ከተባለው የጃቫስክሪፕት ማከማቻ ሲያነሳት፣ ስሟን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። ሌላ ላይብረሪ ተከትላ ገብታ ነበርና። «ይህን ስትጨምር እነዚህም ይገባሉ» የሚል ዝርዝር ቢቀርብ የፕሮጀክቱ ባለቤት ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃል።

ለእኛ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት የፋይል ስምን በ255 ባይት ስለሚገድብ በአማርኛ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። «ስሙ ረዝሟል» ከማለት ስንት ፊደል እንደቀረ ማሳየት ይቻላል። መፈለጊያውም «ፀሐይ» ብሎ ያስቀመጠ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ሲፈልግ ፋይሉ የለም ሊለው አይገባም።

እና እናንተ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሪያድም ሆናችሁ ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፦ የባንክም ይሁን የሱቅ መተግበሪያ ስትሠሩ ለእያንዳንዱ መስኮት አራት ነገር ጠይቁ። ምን ሊሆን እንደሆነ ይናገራል? ስንት እንደሚያስወጣ ያሳያል? ካልተሳካ ምክንያቱን ይገልጻል? መመለሻ አለው? ቁልፉ ላይም «እሺ» ሳይሆን «3 ፋይሎች ሰርዝ» ብላችሁ ጻፉ። በአማርኛ ጻፉት፤ ከዚያ ኮምፒውተር ለማያውቅ ዘመዳችሁ አሳዩትና ምን እንደገባው ጠይቁት። ካልገባው የሚስተካከለው መስኮቱ ነው።