ታዝሎ የሚመጣው ልጅ

ለዛሬ ፊደሉን ትቼ ስለ እግር ልጽፍላችሁ ነው።

በክፍሌ ውስጥ በእህቱ ጀርባ ታዝሎ የሚመጣ የ5 ዓመት ልጅ አለ። ፊደል በመለየት የሚቀድመው የለም። ሲያቆሙት ግን ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ ተረከዙም መሬት አይነካም። በጤና ጣቢያው ሴሬብራል ፓልሲ ነው ብለዋል፤ ይህም ከመወለዱ በፊት፣ ሲወለድ ወይም በጨቅላነቱ አንጎሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ማለት ነው። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ጊዜ አየር ማጣት፣ ማጅራት ገትርም ሊያመጡት ይችላሉ። ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። እርግማንም አይደለምና ቦኖ ላይ በእናቱ ላይ የምትንሾካሾኩ ብትተዉ ደግ ነው።

እናቱ «ቲቸር፣ ፕሮሰሳችን ሲያልቅ እዚያ ይታከማል» ትለኛለች። ተስፋዋን አልነቅፍም፤ እኔም ስሜ ሰሌዳ ላይ እስኪወጣ የምጠብቅ ነኝ። ነገር ግን የተጎዳውን የአንጎል ክፍል የሚመልስ መድኃኒት ባሕር ማዶም የለም። ደግሞም የእነዚህ ልጆች የመቆምና የመራመድ ችሎታ በብዛት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ 6 እና 7 ዓመታት ነው። ፕሮሰሱ ይዘገይ ይሆናል፤ የልጁ ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

ዩኒቨርሲቲውን ሳልጨርስ የወጣሁ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ባለሙያዎች የሚሉት ለእኛም የሚሆን ነው፤ ልጁ ራሱ፣ በየቀኑ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ፣ ወደሚፈልገው ነገር ይራመድ። ኳስ ወይም ጓደኛ ወዳለበት ቢሆን ይተጋል። ከዝቅተኛ በርጩማ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ እግሩን ያበረታል። የፕላስቲክ ወንበር እየገፋ መሄድም ይችላል፤ አሸዋው ግን ስለሚይዘው መንገዱን ጠቅጥቁለት። እግሩን በኃይል የሚጎትት ወጌሻ ዘንድ አትውሰዱት። የገተረ ጡንቻ በድንገት ሲጎተት ይብስ ይገተራል፤ አጥንትም ሊሰበር ይችላል።

ሁሉም ልጅ ይራመዳል አልልም። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣና ዛሬም የሚሠራበት መለኪያ እነዚህን ልጆች በ5 ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ 1ኛው ያለ ድጋፍ የሚሄድ፣ 5ኛው አንገቱን ለማቅናት እንኳ የሚቸገር ነው። እስከ 2 ዓመቱ ሳይደገፍ የተቀመጠ ልጅ ብዙውን ጊዜ መራመዱ አይቀርም። የእኛው ልጅ በዚያ ዕድሜው ተቀምጦ ነበር። የማይራመደው ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልገዋል፤ በዚህ የሚያፍር ወላጅ ካለ ያሳዝነኛል።

እህቱ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እሱን አዝላ ስትደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፍባታል፤ ይህንንም አስቡት። አሁን አጥሩ ጋ ታወርደዋለች፣ ከዚያ ወንበሩን እየገፋ ይገባል። ተማሪዎች፣ በሩ ላይ አትጋፉት፤ ካልጠየቃችሁም አታንሡት።

ቅዳሜ ጠዋት ከክፍሉ ጀርባ አራት ባላ ተክለን ሁለት አግዳሚ እናስርለታለን፤ ቁመቱ እስከ ዳሌው፣ ሲይዘው ክርኑ ጥቂት የሚታጠፍ። ባላውና እንጨቱ ተገኝቷል። የቀረው ገመድና ዶማ ስለሆነ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።