በፈቃድ ቅጽ ላይ የሌለ ችግር

“የቤትህን ችግር በር ላይ ትተህ ግባ” ይላሉ አለቆቻችን። ችግር ጃንጥላ ይመስል!

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት ከጎኔ የሚቀመጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ሲገባ አይተን ሰዓታችንን የምንሞላበት ዓይነት ሰው ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለደች፤ እኛም “እንኳን ማርያም ማረቻት” ብለን ገንፎአችንን በልተን ተመለስን። ክርስትናው ሲያልፍ ጠያቂው ተበተነ፤ እናቷም ወደ አገራቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ተለወጠ። ያረፍዳል፤ ስልኩን በየደቂቃው ያያል። ይባስ ብሎ በደመወዝ መክፈያው ላይ የሁለት ሰዎችን ሒሳብ አቀያየረ። ወሬው ምን ይጠብቃል? “መጠጥ ጀምሯል”፣ “ውጪ ሌላ ሴት ይዟል” ተባለ። ማስጠንቀቂያም ተጻፈለት።

እውነቱን የነገረኝ አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። “አትተኛም፤ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች። ከልጁ ጋር ትቻት ስወጣ እፈራለሁ።”

“ታዲያ ለአለቃህ ለምን አትነግረውም?”

“ምን ብዬ? ሚስቴ ታለቅሳለች ብዬ?”

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ የታወቀ፣ ሊታከምም የሚችል ሕመም ነው። እኛ ግን “ጠባይዋ ተበላሸ” ብለን እናልፈዋለን። “አራስ ብቻዋን አትተውም” ያሉት አያቶቻችን ከእኛ ይሻሉ ነበር።

እስቲ ልብ በሉ። ያቺ ሴት፣ አያድርገውና፣ ሞታ ቢሆን ድርጅቱ መኪና መድቦ ቀብር ያደርሰን ነበር፤ አለቃችንም ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። በሕይወት ስላለች ግን ለባሏ የደረሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።

ሕጉም ቢሆን የሚቀናው መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላገባ 3 ቀን፣ ሚስቱ ለወለደችለት 3 ቀን፣ የትዳር ጓደኛው ለሞተበት 3 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለየት ላለ ከባድ ችግር ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል። በሠርግና በለቅሶ መካከል ያለው ረጅም ኑሮ፣ የቤተሰብ አባል የሚታመምበት፣ የሚከፋበትና እንቅልፍ የሚታጣበት ኑሮ ግን በአብዛኛው ከዓመት ፈቃድ የሚቆረጥ ነው።

ሴትየዋ ሕክምና አግኝታ ተሻላት። ባሏ ግን ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ ሥራውን ለቀቀ። ድርጅቱ በእሱ ቦታ ሁለት ሰው ቀጠረ።

አለቃ ሐኪም ይሁን፣ ሽማግሌ ይሁን አልልም። በየማለዳው “ቤተሰብ ደኅና?” ብለን መልሱን ሳንሰማ እናልፋለን። ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቆ፣ ወንበር ስቦ መልሱን ቢሰማስ?