ሁለት ነጥብ

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት ተዘጋ። ከተማው ጭር አለ። እኔ ግን የባልደረቦቼን የወር ደሞዝ ስሌት ከመጠባበቂያ ማኅደር ማውጣት ነበረብኝ። ማኅደሩን የሚፈታው «ታር» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ካልከለከሉት ግን አዲሱን ፋይል በአሮጌው ይተካዋል። የሚከለክለው ቃል ከአእምሮዬ ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎግልን እጠይቅ ነበር።

ደግነቱ ዩኒክስና ዘመዶቹ መመሪያቸውን ይዘው ይዞራሉ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ያሰናዱት የመጀመሪያው መመሪያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን አለው። መመሪያ የሚያወጣው ትእዛዝ «ማን» ይባላል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ሁልጊዜ ጥያቄ ይመስላል። «ማን ታር» ብዬ ጻፍሁ። መመሪያ የለም አለኝ። «ማን ኤልኤስ» አልሁ። እርሱም የለም!

ያኔ «ማንፓዝ» ትዝ አለኝ። የእርሱ ሥራ መመሪያዎቹ የት የት እንደሚፈለጉ መናገር ነው። በሊኑክስ ላይ አካሄዱ የአዲስ አበባን ቤት ፈላጊ ይመስላል። ትእዛዞች የሚኖሩባቸውን ማውጫዎች በተራ ይይዛል፤ በውቅር ፋይሉ ላይ ለማውጫው የተመዘገበ አድራሻ ካለ ያንን ይወስዳል፤ ከሌለ ጎረቤት ያያል። «ቢን» ካለበት አጠገብ «ማን» የሚባል ማውጫ አለን? «ሼር» ውስጥስ? ይህን ሁሉ የሚደክመው ግን ባለቤቱ በ«ማንፓዝ» ተለዋዋጭ ራሱ ያዘዘው መንገድ ከሌለ ነው። ካለ፣ ያንኑ መልሶ ያነብለታል።

ለእኔም አነበበልኝ፤ አንዲት መስመር፣ የገዛ ማውጫዬ። ከዓመታት በፊት፣ ሁሉን አውቃለሁ ባልሁበት ወራት፣ እኔው የጻፍኋት ናት። ሌላውን ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ተለዋዋጩን ለጊዜው ሰርዤ የማንፓዝን መመሪያ ከፈትሁ። ያዘዝኸው መንገድ በሁለት ነጥብ ቢያልቅ፣ ነባሩ ዝርዝር ከኋላው ይጨመራል ይላል። ሁለት ነጥብ! አባቴ ደብዳቤ ሲጽፍ በቃላት መካከል አንዷንም አይዘልላትም ነበር። እኔ በኮምፒውተር ስጽፍለት፣ «ነጥቦቹን የት ጣልሃቸው?» ይለኝ ነበር።

የታርንም ቃል አገኘሁ፤ ደሞዙም ሳይበላሽ ወጣ። ከመተኛቴ በፊት በዚያች መስመር ጫፍ ላይ ሁለት ነጥብ አኖርሁ።