ግቢያችን ይታተም ወይስ ይነጠፍ?

ታላቅ ወንድሜ የዘንድሮን የቡና ብር ግቢያችን ላይ ሊያፈሰው ተነስቷል! ተራ ሊሾ እንዳይመስላችሁ፤ አዲስ አበባ ያየውን፣ ሳይደርቅ በቅርጽ ተጭነው ድንጋይ የሚያስመስሉትን ኮንክሪት ካላስደረግሁ ብሏል። ማማሩንስ ያምራል። ግን እናንተዬ፣ ይሄ ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ዝናቡ መች ፋታ ይሰጣል? ጥላ ያለበት ሲሚንቶ አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ሥሩ ያለው አፈር ሲሰምጥም ይሰነጠቃል፤ ጥገናው እንደ ልብስ እራፊ ያስታውቃል።

እኔ ያልኩት ኮብልስቶን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ድሬዳዋ ተጀምሮ ስንቱን ሥራ አጥ ወጣት ጠራቢና አንጣፊ ያደረገው። መጋጠሚያው እግር ይይዛል። ቧንቧ ቢፈነዳ ድንጋዩን ነቅሎ፣ ጠግኖ፣ መልሶ መደርደር ነው። እርግጥ ሥሩ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይጎረብጣል፣ ሣርም ያበቅላል። ሣሩን እኔ እነቅላለሁ!

«እማዬ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?» ብለው፣ ይኸው ሦስት ቀን አኩርፎኛል።