የመሸበት ብስክሌተኛ

ዓለምን በብስክሌት የሚዞሩ ፈረንጆች ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉትን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙው ይመሳሰላል። ተራራው ውብ ነው፣ ቡናው ግሩም ነው፤ ልጆቹ ግን «ዩ! ዩ!» እያሉ ይከተላሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ። ውሸት ነው አልልም። እኔም ሰንዳፋን አለፍ ብዬ አንዷ ጠጠር ጀርባዬ ላይ አርፋብኛለች። ቆሜ ልጁን «ምነው?» ብለው «ፈረንጅ መስለኸኝ ነው» አለኝ። ሄልሜትና ጥቁር መነጽር ስላደረግሁ አልፈረድኩበትም። ፈረንጆቹ የማይጽፉት፣ ምናልባትም ቋንቋው ስለሌላቸው የማያዩት፣ ሌላ ነገር አለ።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ወሬ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ኮድ ላይ አፍጥጬ ስለምውል ወገቤ ማማረር ጀምሯል። ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁና ከየካ ደብረ ብርሃን ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን እገባለሁ ብያለሁ።

ካራ ስደርስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። መንገድ ዳር ያገኘኋቸው ጎሚስታ የሲኖትራክ ጎማ የሚፈቱ አዛውንት ናቸው። የእኔን ብስክሌት ሲያዩ ሳቅ አሉ። ከመነዳሪውን አወጡና ነፍተው ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ አረፋው የወጣበትን በእስክሪብቶ ከበብ አደረጉ፣ በወረቀት ብርጭቆ ሞርደው ማስቲሽ ቀቡት። እስኪደርቅ «ገረመው ደንቦባን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን እንደሆነ፣ ያኔ የተወዳደርነውም በአትሌቲክስና በብስክሌት ብቻ እንደነበር፣ ገረመውም ከብስክሌተኞቹ አንዱ እንደሆነ የሰማሁት ካራ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። (ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምሬ!) ሒሳብ ስል «ደርሰህ ስትመለስ ትከፍላለህ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ከፈልኳቸው፤ ግማሹን መለሱልኝ።

ከአለልቱ በኋላ ያለውን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ብስክሌቱ አይሄድም። ሸኖ ስቃረብ መሸ፤ ብርዱ ጣቴን ፍሬን መያዝ እስኪያቅተው አደነዘዘው። ከተማዋ ጋ ሳልደርስ ጭስ የሚወጣበት አንድ ቤት አየሁና አጥሩ ጋ ቆሜ እንደ ድሮ ሰው «ቤቶች!» አልኩ። አያቴ ሲናገሩት የሰማሁት ቃል ነው፦ የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ። እኔ ልጠቀምበት እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንዲት እናት ፋኖስ ይዘው ወጡ። ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ወዴት ነህ፣ ለምን በዚህ ነገር መጣህ፣ መኪና የለም ወይ። እኔ ሎግኢን የሚሠራ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ግን ጽፌ አላውቅም። የመጨረሻው ጥያቄ «እናትህ ያለህበትን ታውቃለች?» የሚል ነበር። አታውቅም። «ደውልላት» አሉኝ። ደወልኩ። ስልኩን ከእጄ ወሰዱና በኦሮምኛ ቅላጼ ባማረ አማርኛቸው «ልጅሽ እኔ ጋ ነው፤ አታስቢ፣ ተኚ» አሏት።

ከዚያ ልጃቸው ሞቅ ያለ ውሃ አምጥታ እግሬን ልጠብህ አለች። ምን ልበላችሁ፣ ካልሲዬ የነበረበትን ሁኔታ እኔ ነኝ የማውቀው። ራሴ ልታጠብ ብልም ማን ሰምቶኝ። በቅቤ የራሰ ሽሮ በላሁ፤ የሸኖ ቅቤ እንደሆነ ልብ በሉ። ጠዋት ብር ላወጣ ኪሴ ስገባ ፊታቸው ተለወጠ። «ቤቴን ሆቴል አደረግኸው?» አሉኝ። ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ከተማውን አየሁ፣ ተመለስኩ፤ ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም።

እናቴና እሳቸው ግን በዚያው ቀሩ። ፋሲካ፣ ዘመን መለወጫ፣ መስቀል ሲሆን ይደዋወላሉ። እኔን የሚጠይቀኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሰሜን ሸዋ ተኩስም እገታም አይቷል። አውራ ጎዳና ላይ ሰው ተይዞ ቤተሰብ ብር ሲጠየቅ ሰምተናል። እኔም ብስክሌቴን ይዤ እንጦጦ ቀረሁ። እሁድ እሁድ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ እወጣለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ሳንባ ይከዳል፤ ወርጄ ስገፋ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ይመጣሉ። ባለፈው አንዷ ሸክማቸውን ግንብ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ አዩኝና «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» አሉኝ። ሸክማቸው ከብስክሌቴ ሁለት እጥፍ ይመዝናል።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ስታወራ ሰማሁ። የሸኖዋ እናት አሁን ሳይጨልም በር እንደሚዘጉ፣ አንድ ሌሊት አጥር ላይ «ቤቶች!» ያለ ሰው እንደነበር፣ መብራት አጥፍተው ዝም እንዳሉ፣ ሰውየው ማን ይሁን ምን እስከ ዛሬ እንደሚያሳስባቸው ነገሯት። እናቴ «ደግ አደረግሽ» አለች። ያንን ከእሷ አፍ መስማቴ ከበደኝ፤ የዚያን ሌሊት በሩ ባይከፈት ልጇ የት ያድር ነበር? ግን እሷም እውነቷን ነው።

ጥቂት ዝም ተባባሉ። ከዚያ የሸኖዋ እናት «ብስክሌተኛው እንዴት ነው?» አሉ።

«ደህና ነው፤ እዚህ ነው።»

«ይምጣ እንጂ። ግን ቀድሞ ይደውል።»