መብራቷን የሸፈንን ቀን

ሞያሌ የምንመላለስባት መኪና ዳሽቦርድ ላይ የጎማ ምልክት ያላት ቢጫ መብራት አለች። ሞተር ባስነሳን ቁጥር 1 ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትልና በዚያው በርታ ትቀራለች። ጎሚስታው አራቱንም ለክቶ «ነፋሱ ሙሉ ነው፤ ቸርኬው ውስጥ ያለው ሴንሰር ባትሪው አልቋል» አለን። ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩ ራሱ ይቀየራል። ዋጋውን ሰማንና «ከዚህ ጭነት በኋላ» አልን። መብራቷን በፕላስተር ሸፈንናት።

ያቤሎን አልፈን መሪው ወደ ቀኝ ይጎትት ጀመር። ወርደን ስናይ የፊት ጎማው ሚስማር ይዟል፣ ጎኑ እንደ ምጣድ ግሏል። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ትንሽ ብንቆይ ይፈነዳ ነበር። ሴንሰሩን ንቀን በተውነው ጊዜ የነፋሱንም ማስጠንቀቂያ አብረን እንደዘጋን ያን ጊዜ ገባን።

አሁን አስቀይረነዋል፤ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋርም አስተዋውቀውልናል፣ ያለዚያ አታውቀውም። እናንተም ያዙልን፦ ብልጭ ብላ ከቀረች ሴንሰር፣ ሳትብለጨለጭ ከበራች ነፋስ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፤ ልኩ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል።