እንጦጦ ላይ ሲመሽ

የባሕር ዛፍ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ቴሌስኮፕ ነው። ሌላውን ሰው ጭሱ ወደ እናቱ ጓዳ ይወስደው ይሆናል፤ ምጣዱ ተጥዶ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ሲወጣ ይታየው ይሆናል። እኔን ግን ሽቅብ ነው የሚወስደኝ። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደተሠራው ኦብዘርቫቶሪ ይዞኝ ይነጉዳል።

ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ለሌሊት ሥራ የምንወጣው ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዘን ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በየሱቁ በር የተሰቀለው ነጠላና ጋቢ በነፋስ ሲውለበለብ። ታክሲው ዳገቱን እያቃሰተ ሲያያዘው ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይቀጥናል፣ የከተማው ጫጫታ ከኋላ ይቀራል። እኛ ስንወጣ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። አንድ ቀን ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ አንደኛዋ እናት እንጨታቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ ደረስኩባቸው። "ወዴት ነው ልጄ፣ ሰው ሁሉ በሚወርድበት ሰዓት?" አሉኝ። ኮከብ ስናይ ልናድር መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ "በል ጋቢህን ደርብ፤ የዚህ ጋራ ሌሊት ቀልድ አያውቅም" አሉኝ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው ጋቢዬን ራሳቸው ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ። ያ ሁሉ ሸክም ያለባቸው ሰው ስለ እኔ ብርድ ማሰባቸው ዛሬም ይገርመኛል።

ጋራው ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ዋና መስታወት ስፋት አንድ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ብዙ ደክሞ ነው እ.ኤ.አ. በ2015 ለምረቃ ያበቃቸው። "ለዚህ አገር የኮከብ ነገር ምኗ ነው?" የሚል ሰው ያኔ በየቦታው ይገጥመን ነበር። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ መልስም አልፈለግኩም። አንድ ሜትር መስታወት በጨለማ ከተለመደ ዓይን ከ15,000 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ ያ መስታወት ደግሞ ከተወለድኩበት ከተማ በላይ፣ በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ላይ ቆሟል። ይኸ ለእኔ ከበቂ በላይ ነበር።

ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ለአንድ ሌሊት ፎቶ ማንሳት ሥራው የሚጀመረው ገና ቀን መሆኑን ነው። ኦፕሬተራችን፣ እኛ "ጋሽዬ" የምንላቸው ጎልማሳ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ዶሙን፣ ያን ክብ ጣሪያ፣ ያስከፍቱ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ የሚያሰማውን ጉርምርምታ አሁንም ደረቴ ውስጥ እሰማዋለሁ። ከዚያ የቀዘቀዘው የጋራው አየር ሰተት ብሎ ይገባል፤ የጽድ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የእርጥብ አፈር ሽታ ከማሽን ዘይት ሽታ ጋር ይደባለቃል። "ለምን እንቸኩላለን? ገና ብርሃን ነው እኮ" ስላቸው ጋሽዬ እጃቸውን ወደ መስታወቱ ዘርግተው፣ "ቀኑን ሙሉ ሙቀት ጠጥቷል፤ ጊዜ ስጠውና ይተንፍስ" አሉኝ። ብርጭቆው ከውጭው አየር ሞቅ ካለ ፊቱ ላይ ያለው አየር ከምጣድ በላይ እንደሚርገበገበው አየር ይርገበገባል፤ ኮከቡም ይደፈርሳል። ስለዚህ እንቀመጣለን። መስታወቱ እስኪበርድ መጠበቅ ራሱ ሥራ መሆኑን እዚያ ነው የተማርኩት። በዚያ ሰዓት የሰማኋቸውን ጨዋታዎች ያህል የተሰበሰበ ጨዋታ በሕይወቴ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ አየሩ ጠባይ የሚነግረን መሣሪያ ነበረን፤ የነፋሱን ፍጥነትና እርጥበቱን ስክሪን ላይ ያሳየናል። ከመሣሪያው ቀድመው የሚነግሩን ግን የጥበቃው ጋሼ ነበሩ። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ወደ ሱሉልታ በኩል ይቆማሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ "ዛሬ ትሠራላችሁ" ወይም "ዛሬስ ጉሙ አይቀርም፤ ቡናችሁን ጠጡ።" ክረምቱን ሙሉ ደመናው ጋራውን ስለሚውጠው ሥራ የለም። ጥቅምት ሲገባ ግን ሰማዩ ይጠራና የጋሼም ፊት አብሮ ይጠራል።

ፀሐይ ወደ ወጨጫ በኩል ስትጠልቅ ሩጫው ይመጣል። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ምሽቱ አጭር ነው፤ ፍላት የምንለውን ምስል ለማንሳት ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ፍላት ማለት ኮከብ ሳይታይ የሚነሣ የባዶ ሰማይ ፎቶ ነው። ፊልተሩ ላይ ያለች ብናኝ፣ የምስሉ ጠርዝ ላይ ያለ ጥቁረት፣ ሁሉም እሱ ላይ ይወጣል፤ በኋላ ከእውነተኛው ምስል የምናጸዳው በዚህ ነው። ሰማዩ ገና ብሩህ ሳለ ካሜራው ደከም የሚልበትን ሰማያዊ ፊልተር እናስቀድማለን፤ እየጨለመ ሲሄድ ወደ አረንጓዴውና ወደ ቀዩ እናልፋለን። አንዱ ሰከንድ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ጋሽዬ "ቀጥል፣ ቀጥል፣ አትቁም" ይላሉ። በዚያች ቅጽበት ሰማዩ የሚይዘውን ቀለም ስም የሚያወጣለት ሰው አላገኘሁም። ከላይ ጠልቆ ሰማያዊ፣ ከታች የብርቱካን ልጣጭ፤ በመሀሉ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የሌለው ጥራት።

ከዚያ በኋላ ረጋ እንላለን። ካሜራው ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ካልቀዘቀዘ የራሱ ሙቀት የኮከቡን ብርሃን ይሸፍነዋልና። መዝጊያው ተዘግቶ ጨለማውን ራሱን ፎቶ እናነሣለን። ጥቁር ምስል ላይ እዚህና እዚያ ቦግ ያሉ ነጥቦችና አጫጭር ጭረቶች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ከሕዋ የመጡ ቅንጣቶች ካሜራውን ሲመቱ የተዉት አሻራ ነው። "ዓይናችንን ጨፍነንም ሰማይ ይነካናል ማለት ነው" አለች አብራኝ የምትሠራ ልጅ። ከጻፍነው ሁሉ እኔ የያዝኩት ይህን አባባሏን ነው።

ቀጥሎ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ እናነጣጥራለን፤ ቴሌስኮፑ ነኝ ያለው ቦታ ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ። ኮከቡ መጀመሪያ ሲታይ ነጥብ አይደለም፤ መሀሉ ባዶ የሆነ ክብ ነው፣ ሁለተኛው መስታወት በፊቱ ስለሚቆም። ፎከሱን ጥቂት በጥቂት ስናንቀሳቅስ ክቡ ይጠባል፣ ይጠባል፣ በመጨረሻም ሹል ነጥብ ይሆናል። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳይነጋገር አብሮ ይተነፍሳል። ሌሊቱ እየበረደ ሲሄድ የቴሌስኮፑ አካል ስለሚኮማተር ፎከሱ ይሸሻል፤ ስለዚህ ነቅተን መጠበቅ አለብን። እንቅልፍ የሚያባርርልን በቅርንፉድና በቀረፋ የፈላ ሻይ ነበር። ቴርሞሱን ከቤቷ ይዛ የምትመጣው ያችው ልጅ ናት፤ ክዳኑ ሲከፈት ክፍሉን የሚሞላው መዓዛ ከማሞቂያው ይልቅ ያሞቀን ነበር።

የመጀመሪያዋን የራሴን ምስል ያነሣሁት በታኅሣሥ ነው፤ የኦርዮን ኔቡላን። እሱ ከእንጦጦ ሲታይ አናት ላይ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ቴሌስኮፑ ወደ ላይ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ምስሉ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው፤ ቀለሙ በኋላ ከየፊልተሩ ተገጣጥሞ ነው የሚወጣው። እና ያ ግራጫ ነገር ተዘርግቶ ሲወጣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያው ቅጽበት የጥበቃው ጋሼ የተጠበሰ ድንች በጋዜጣ ጠቅልለው ገቡ። ጋቢያቸው ላይ ጭስ አለ። ከኋላዬ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ይኼ ጭስ ነው?" አሉ።

"ጋዝና አቧራ ነው ጋሼ፤ ጭስ ቢሉትም ያስኬዳል። ኮከቦች የሚወለዱበት ነው።"

"ታዲያ ማን አነደደው?"

ጋሽዬ በጣታቸው የምስሉን መሀል አሳዩአቸው፤ እዚያ የተሰበሰቡትን አራት ወጣት ኮከቦች። "እነዚህ ናቸው። ያን ሁሉ ያበሩት እነሱ ናቸው።" ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ1,300 ዓመት ገደማ በፊት፣ የአክሱም መንግሥት ገና በሕይወት ሳለ እንደሆነ ስነግራቸው ድንቹን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ "ደክሞት መጥቷላ፤ በደንብ ተቀበሉት" አሉን። ከዚያ በኋላ ስንት ሳይንሳዊ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ስለ ሥራዬ እንደዚያ የተናገረኝ ሰው የለም።

ረጅም ኤክስፖዠር ሲጀመር ተራ በተራ ወደ ውጭ እንወጣለን። ወደ ሰሜን ስዞር የሰሜን ኮከብ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ከሱሉልታ ሜዳ በላይ ዝቅ ብላ ትታያለች። ወደ ደቡብ ስዞር፣ በሁዳዴ ሌሊቶች፣ የደቡብ መስቀል ከአዲስ አበባ በላይ ቆሟል። ሁለቱን ከአንድ ቦታ ሆኖ ማየት የሚቻለው በሁሉም አገር አይደለም፤ እኛ ደግሞ አንገታችንን ማዞር ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። ከተማው በደቡብ ስለሆነ ብርሃኑ መስቀሉን ያደበዝዘዋል። አንዳንዴ ታች አንዱ ሰፈር መብራት ሲጠፋበት ግን ሰማዩ በአንድ ጊዜ ይጠልቅና ትንንሾቹ ኮከቦች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይወጣሉ። በእንደዚያ ያለ ሌሊት ነው ኦሜጋ ሴንታውሪን ያነሣነው፤ 17,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ያለ፣ አሥር ሚሊዮን ገደማ ፀሐዮች አንድ ላይ የታጨቁበት። ከጫካው ጅብ ይጮኻል፣ የመንደር ውሻ ይመልስለታል፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ከማርያም በኩል የካህናቱ ዜማ በነፋስ እየተቆራረጠ ይደርሰናል።

የሥራ መዝገባችን በእጅ የሚጻፍ ደብተር ነበር። የተነሣው ምስል ቁጥር፣ ፊልተሩ፣ ሰከንዱ፣ ሰዓቱ ይሞላበታል። ጋሽዬ ግን ጠርዙ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ፤ "ነፋስ ከሰሜን"፣ "ጅብ ቀርቧል"፣ "ሻይ አልቋል፣ ሞራል አለ"። ያንን ደብተር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

አሁን ምስሎቼ የሚመጡልኝ ከደቡብ አፍሪካ፣ ሰዘርላንድ ከሚባል ደረቅ ጋራ ላይ ነው። እዚያ ያሉት፣ ላስ ኩምብሬስ የተባለው ተቋም ቴሌስኮፖች ሌሊት በሰው አይነኩም። የምፈልገውን ኮከብ፣ ፊልተሩንና ሰከንዱን ጽፌ እልካለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ሰማዩን አይቶ፣ ዶሙን ከፍቶ፣ ፎከሱን አስተካክሎ፣ ፍላቱን ሳይቀር ራሱ አንሥቶ ይሠራል። እኔ ተኝቼ አድራለሁ። ጠዋት ቡናዬን ስቀዳ ፋይሉ ደርሷል። የምጠቀምባቸውም የመስታወት ስፋታቸው አንድ ሜትር ነው፤ ልክ የእንጦጦዎቹን ያህል። ሰማዩ ከእኛው ይበልጥ ጨለማ ነው፣ ሥራውም ያምራል፤ ተማሪዎቼ በአንድ ወር የሚሰበስቡትን እኛ በዓመት አንሰበስብም ነበር። ይህን አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ፋይሉ ራስጌ ላይ ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም በአኃዝ ተጽፏል። ያን ሌሊት ነፋሱ ምን እንደሸተተ፣ ማን እንደሳቀ ግን የሚነግረኝ የለም። ያንን ነው የምናፍቀው።

እንጦጦም ቢሆን ተለውጧል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተከፈተ ወዲህ ሰው ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ ይወጣል፤ ደስ ይላል። የከተማው ብርሃንም ያኔ ብርቱካንማ ነበር፤ አሁን ነጭ ሆኖ ሽቅብ ይዘልቃል። ሰማዩም ላይ መንገደኛ በዝቷል። ያኔ ሳተላይት ምስላችን ላይ መስመር ጥሎ ካለፈ ሁላችንም ተሰብስበን እናየው ነበር፤ ዛሬ ተማሪዎቼ እነዚያን መስመሮች ማጥፋት የሚማሩት ገና ከጅምሩ ነው።

በቀደም አንዲት ተማሪዬ፣ "መምህር፣ ፍላት ሲነሣ አይተህ ታውቃለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ ፍላት ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ነው። ስለዚያች አጭር ምሽት፣ ስለ ሰማያዊው ፊልተር፣ ስለ ጩኸቱና ስለ ሩጫው እያወራሁላት ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ ሌሎቹም ወንበራቸውን ይዘው ተጠግተው ነበር። እናም ተስማማን። ፈቃዱ ከተገኘ ታኅሣሥ ላይ እንወጣለን። ኦርዮንን መርጠዋል። ድንቹን እነሱ ያመጣሉ፤ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን ከአሁኑ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ሻዩን የማፈላው እኔ ነኝ።